በአንድ ሰፈር ሦስት ሕግ፦ የመንግሥት ሠራተኞች የኅብረት ድርድር መብት ከቦሌ ሲታይ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ አሠሪው መንግሥት በሚሆንበት ጊዜ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በማን፣ በምን ሥርዓትና በየትኛው ሕግ እንደሚወሰን ይመረምራል። ማሳያ ያደረገው ቦሌንና ምሥራቅ አዲስ አበባን ነው። በዚህ አካባቢ ሦስት ዓይነት የመንግሥት ተቀጣሪዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፦ የመደራደር መብት ኖሯቸው አድማ የተከለከሉ፣ የመደራደርም ሆነ የአድማ ሥርዓት የሌላቸው፣ በሙያ ማኅበር የተሰባሰቡ ነገር ግን ማኅበራቸው የመደራደር ሥልጣን የሌለው። ጽሑፉ ከ1966ቱ ንቅናቄ እስከ 2017ቱ የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ ያለውን ሂደት በአጭሩ ከቃኘ በኋላ የሚከተለውን ይከራከራል፦ የድርድር ሥርዓት አለመኖሩ ጥያቄውን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ጥያቄው በሕግ መንገድ የሚፈስበትን ቦይ ነው። በመጨረሻም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 42 በሥራ ላይ ለማዋል የሚያግዙ አራት ነጥቦች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ የኅብረት ስምምነት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት፣ ቦሌ

1. መግቢያ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂና በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ የመንግሥትን የአሠሪነት ገጽታዎች በሙሉ ያያል። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያው፣ የበረራ አስተናጋጇና አውሮፕላን አብራሪው የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ከመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ሆኖ አውሮፕላኑን የሚያስነሣውና የሚያሳርፈው ባለሙያ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች በሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩት መምህራንና ነርሶች ደግሞ የከተማው አስተዳደር ሠራተኞች ናቸው።

የሁሉም ደመወዝ ምንጭ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሕዝብ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ደመወዙ አነሰ ብሎ ሲያስብ የሚያንኳኳው በር እንደ ሌላው አይደለም። የመጀመሪያው በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል የኅብረት ስምምነት እንዲሻሻል መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አቤቱታ ከማቅረብ ያለፈ መንገድ በሕግ አልተዘረጋላቸውም። ነገሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው በአንድ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት የሚገኙ የግል ሆስፒታልና የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሲነጻጸሩ ነው። በግል ሆስፒታሉ የምትሠራ ነርስ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ስለምትተዳደር ከባልደረቦቿ ጋር ማኅበር መሥርታ የኅብረት ድርድር መጠየቅ ትችላለች። በጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ ያንኑ ሥራ በያንኑ ሙያ ብትሠራም ይህ መብት በተግባር የላትም። ልዩነቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ ሳይሆን ከአሠሪው ማንነት የመጣ ነው።

2. የጥናቱ ጥያቄ፣ ዘዴና ወሰን

ጽሑፉ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ሕግ ለመንግሥት ተቀጣሪዎች የመደራደርን መብት እስከምን ድረስ ያውቃል? ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ በሌለበት ቦታ የደመወዝ ጥያቄ ሲነሣ ምን ይከተላል? ሦስተኛ፣ ከሌሎች አገሮች ልምድ የሚወሰደው ትምህርት ምንድን ነው?

የተመረጠው ዘዴ የሕግ ሰነዶችንና በአደባባይ የታወቁ ክንውኖችን አገናዝቦ መተንተን ነው። ዘመኖች እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ የውጭ አገር ክንውኖች ግን እ.ኤ.አ. ተብለው ተለይተዋል። ጽሑፉ የሚመረምረው በ1999 እና በ2010 በወጡት የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 515 እና 1064፣ የተቀረጸውን ሥርዓት ነው። በ2017 የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚፈልግ እዚህ አልተካተተም።

3. የታሪክ ዳራ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ የሠራተኛ ሕግ ከመነሻው ሠራተኛውን ለሁለት ከፍሎታል። በ1955 ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና ቁጥር 98 አጸደቀች። የመጀመሪያው የመደራጀት ነፃነትን፣ ሁለተኛው የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱ ናቸው። በዚያው ወቅት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 መጀመሪያም የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። የዚህ ሕግ ዓይን ያረፈው በፋብሪካውና በንግድ ድርጅቱ ላይ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በበኩሉ በ1950ዎቹ በተቋቋመው በማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤትና በደንቦቹ ይተዳደር ጀመር። በአንድ በኩል ውል፣ በሌላ በኩል ሹመት፤ በአንድ በኩል ድርድር፣ በሌላ በኩል ደንብ ሆነ።

ይህ ክፍፍል በ1966 ተፈተነ። የካቲት 11 ቀን መምህራን የትምህርት ሴክተር ክለሳውን በመቃወምና የደመወዝ ጥያቄያቸውን በማንሣት ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዕለት የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት አድማ መቱ። ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 የአንድነት ማኅበሩ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አካሄደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሕግ የመደራደር መብት ያልነበራቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ሳይቀሩ ጥያቄያቸውን በሥራ ማቆም ገለጹ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አድማው የመጣው ሕግ ስለፈቀደው አለመሆኑ ነው። የመጣው ሕጉ ሌላ መንገድ ስላላበጀለት ነው።

ቦሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ አሳዛኝ ገጽ አለው። በመስከረም 1968 የአንድነት ማኅበሩን አቋም የያዘ ወረቀት ሲያሠራጩ በነበሩ የአየር መንገዱ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች በአውሮፕላን ማረፊያው ተኩስ ከፍተው የሰው ሕይወት ጠፋ። በቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኅዳር 1968 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 የቀድሞውን አደረጃጀት አፍርሶ ለአንድ ወጥ፣ ከመንግሥት ጋር ለተቆራኘ የሠራተኛ ድርጅት መንገድ ጠረገ። በደርግ ዘመን አሠሪውም፣ የሠራተኛው ማኅበር የበላይ ጠባቂም፣ ዳኛውም አንድ አካል ሆኑ። አብዛኞቹ ትልልቅ ድርጅቶች ስለተወረሱ በዚህ ወቅት "የግል ሠራተኛ" እና "የመንግሥት ሠራተኛ" የሚለው ልዩነት ራሱ ደበዘዘ፤ የደበዘዘው ግን ሁለቱም መብት ስላገኙ ሳይሆን ሁለቱም የእውነተኛ ድርድር ዕድል ስላጡ ነበር።

በ1985 የወጣው አዋጅ ቁጥር 42 የኅብረት ድርድርን ወደ ሕጉ መለሰ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 377/1996 እና አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተከታትለው መጡ። ሦስቱም ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን፣ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ከወሰናቸው ውጭ አድርገዋል። ይህም ማለት በ1950ዎቹ የተሰመረው መስመር ሦስት ሥርዓተ መንግሥታትን ተሻግሮ ዘልቋል።

4. ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ንዑስ አንቀጽ 1(ሀ) የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ ገበሬዎች፣ የእርሻ ሠራተኞችና ሌሎች የገጠር ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና ከአሠሪዎቻቸው ጋር የመደራደር መብት እንዳላቸው ያውቃል። ንዑስ አንቀጽ 1(ለ) ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የማሰማት መብትን ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 1(ሐ) ደግሞ የእነዚህ መብቶች ተጠቃሚ የሚሆኑት የመንግሥት ሠራተኞች በሕግ እንደሚወሰኑ ይገልጻል።

የክርክሩ ማዕከል ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው። በአንዱ ንባብ፣ ዝርዝር ሕግ እስኪወጣ ድረስ መብቱ በመንግሥት ሠራተኛው እጅ አልገባም። በሌላው ንባብ፣ ሕግ አውጪው የተሰጠው ሥልጣን የተጠቃሚዎችን ወሰን የማካለል እንጂ መብቱን ላልተወሰነ ጊዜ የማቆየት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ንባብ ይመርጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ (ሀ) የመንግሥት ሠራተኞችን በስም ጠርቶ ካካተተ በኋላ (ሐ) ሁሉንም እንዲያስወጣ መተርጎም የመጀመሪያውን ድንጋጌ ከንቱ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል፤ አንቀጽ 13(2) ደግሞ መሠረታዊ መብቶች ከእነዚህ ስምምነቶች መርሆች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል።

ስምምነቶቹ የሚፈቅዱት ገደብ ጠባብ ነው። ስምምነት ቁጥር 87 ከመደራጀት ነፃነት ውጭ ሊደረጉ ይችላሉ የሚላቸው የጦር ኃይልንና ፖሊስን ነው። ስምምነት ቁጥር 98 በአንቀጽ 6 ከኅብረት ድርድር ውጭ የሚያደርገው በመንግሥት አስተዳደር ሥራ ላይ የተሠማሩትን ነው፤ የዓለም አቀፉ ድርጅት ተቆጣጣሪ አካላት ይህን ሐረግ የሚረዱት የመንግሥትን ሥልጣን በቀጥታ በሚያስፈጽሙት፣ ለምሳሌ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሹማምንት፣ ወስነው ነው። መምህርና ነርስ፣ እንዲሁም የመንግሥት ድርጅት ሠራተኛ በዚህ ልዩ ሁኔታ ውስጥ አይወድቁም። ተቆጣጣሪ አካላቱ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርን በተመለከተ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀረቡላቸው አቤቱታዎች ላይ ይህንኑ ደጋግመው ለመንግሥት አሳስበዋል። የመንግሥት አገልግሎት ሠራተኞችን በቀጥታ የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 151 ግን ኢትዮጵያ አላጸደቀችም።

የ1999ኙና የ2010ሩ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ስለ ምልመላ፣ ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ዲሲፕሊንና ስለ አቤቱታ በዝርዝር ይደነግጉ ነበር። ለግለሰቡ ሠራተኛ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴና የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቁመዋል። እነዚህ ዋጋ ያላቸው ጥበቃዎች ናቸው። ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሊመለስ የሚችለው በእነርሱ ነው። ነገር ግን "ደመወዛችን ከኑሮው ጋር አልተመጣጠነም" የሚል ጥያቄ የአንድ ሰው በደል አይደለም። የደመወዝ ስኬሉ በሕጉ መሠረት እስከወጣ ድረስ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ የሚያርመው ስሕተት አያገኝም። ሥርዓቱ ለግለሰብ ጆሮ አለው፤ ለወል ጥያቄ ግን ወንበር አላዘጋጀም።

5. ሦስቱ ቡድኖች

5.1 የአየር መንገዱ ሠራተኞች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ተመሥርቶ ከብሔራዊ አየር መንገድነት ወደ አቪዬሽን ግሩፕነት አድጓል፤ በ2009 የኤርፖርቶች ድርጅትም ተቀላቅሎታል። የመንግሥት ንብረት ቢሆንም ሠራተኞቹ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚተዳደሩ በመሆናቸው የኅብረት ስምምነት ሥርዓቱ ይመለከታቸዋል። በሥርዓቱ መሠረት አንዱ ወገን የድርድር ጥያቄውን ከረቂቁ ጋር በጽሑፍ ሲያቀርብ ሌላው በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ወገኖቹ የድርድሩን ሥነ ሥርዓት ይቀርጻሉ፤ በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለባቸው። ስምምነቱ በመርሕ ለሦስት ዓመት ይጸናል።

ሆኖም አየር ማመላለሻ በአዋጁ እጅግ አስፈላጊ ከተባሉት አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ ሠራተኛው ሥራ ማቆም፣ አሠሪውም ሥራ መዝጋት አይችሉም። በደመወዝና በሌሎች ጥቅሞች ላይ ያልተቋጨ ክርክር ለጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አቋም በጥብቅ ትርጉሙ እጅግ አስፈላጊ የሚባለው የአየር ትራፊክ ቁጥጥር እንጂ የአየር ማመላለሻ ሥራ በጠቅላላው አይደለም። የጭነት ክፍል ሠራተኛውና የምግብ ዝግጅት ሠራተኛው በዚህ መመዘኛ የአድማ መብታቸው ሙሉ በሙሉ ሊነፈግ ባልተገባ ነበር።

ሁለተኛው፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የአየር መንገዱ ሥራ አመራር ለቦርድ፣ ቦርዱም የድርጅቱ ባለቤት ለሆነው መንግሥት ተጠሪ ነው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ የባለቤትነቱ ሥልጣን ወደ ኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተዛውሯል። ተደራዳሪው ሥራ አመራር የመወሰን ሥልጣኑ እስከየት እንደሆነ በግልጽ ካልታወቀ ድርድሩ ቃል ከማይገባ ሰው ጋር የሚደረግ ውይይት ይሆናል።

5.2 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች

የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አትራፊ ድርጅት ሳይሆን ተቆጣጣሪ የመንግሥት አካል ነው። ስለሆነም ማማው ላይ ያለው ባለሙያ ከሥሩ በሚንቀሳቀሰው አውሮፕላን ውስጥ ያለው አብራሪ ያለው የኅብረት ስምምነት መንገድ የለውም።

በነሐሴ 2010 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹ የደመወዝ ጥያቄያቸው አልተመለሰም በማለት ሥራ አቆሙ። ባለሥልጣኑ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎችን ጭምር በማሰማራት አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ አደረገ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ስለ በረራ ደኅንነት ሥጋቱን በይፋ ሲገልጽ የኢትዮጵያ ወገን አስተባበለ። አድማው ሕገ ወጥ ተባለ፤ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎችም ታሰሩ።

በዚህ ክንውን የሁለቱም ወገኖች ሥጋት ተጨባጭ ነበር። መንግሥት የተሳፋሪን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ማቆም አልታገሥም ማለቱ በዓለም አቀፍ መርሕም ተቀባይነት አለው፤ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር አድማ ሊከለከልባቸው ከሚችሉ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነውና። ነገር ግን ያው መርሕ ክልከላውን ያለ ካሣ አይተወውም። አድማ የተነፈገ ሠራተኛ በምትኩ ገለልተኛ፣ ፈጣንና ውሳኔው ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ የማስማማትና የግልግል ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ተቆጣጣሪዎቹ አድማውም ምትኩም አልነበራቸውም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ቢያንስ ወደ ቦርድ መሄድ ሲችል፣ ሥራው ከእርሱ ይልቅ ስሱ የሆነው ተቆጣጣሪ የሚሄድበት አልነበረውም።

5.3 መምህራንና የጤና ባለሙያዎች

ሦስተኛው ቡድን በቁጥር ትልቁ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም ሆነ የጤና ባለሙያዎች ማኅበራት የአባሎቻቸውን ድምፅ ያሰማሉ፤ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ከከተማው አስተዳደር ጋርም ይነጋገራሉ። ይሁን እንጂ ንግግር ድርድር አይደለም። በንግግር የተገኘ ውጤት ለሁለቱም ወገን የሚጸና ውል አይወጣውም፤ ቀን አይቆረጥለትም፤ ቢጣስም የሚያስፈጽመው አካል የለም።

በ2017 የጤና ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ጥያቄዎችን አቅርበው የሠላሳ ቀን ጊዜ ሰጡ። ጥያቄዎቹ ደመወዝን፣ የትርፍ ሰዓትና የተጋላጭነት ክፍያን፣ የቤትና የሕክምና ጥቅምን የመሳሰሉ ነበሩ። በግንቦት ወር ከፊል፣ ቆይቶም ሰፋ ያለ ሥራ ማቆም ተከተለ። መንግሥት ድርጊቱን ሕገ ወጥ አለው፤ በርካታ ባለሙያዎችና የማኅበር መሪዎች ታሰሩ። በዚህ መካከል ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ መርሳት አይገባም፤ ወረፋ ይዞ ያለ ሐኪም የተመለሰው ታማሚ ነው። ከጥያቄዎቹ ዝርዝር ስንነሣ ግን አብዛኞቹ በየትኛውም የኅብረት ስምምነት ጠረጴዛ ላይ በየሦስት ዓመቱ የሚነሡ ተራ ጉዳዮች ናቸው። ተራውን ጉዳይ አገራዊ ቀውስ ያደረገው ጠረጴዛው አለመኖሩ ነው።

6. ድርድር በሌለበት ደመወዝ እንዴት ይወሰናል?

ድርድር የለም ማለት ጭማሪ የለም ማለት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ከተለወጠ በኋላ መንግሥት ሁለት ተከታታይ ማስተካከያዎች አድርጓል። የመጀመሪያው በ2017 መጀመሪያ በሥራ ላይ ሲውል ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛውን ደግሞ ከ20,468 ወደ 21,492 ብር አሳደገ። ሁለተኛው ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛውን ወደ 6,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻን ከ6,940 ወደ 11,500፣ ከፍተኛውን ወደ 39,000 ብር ከፍ አድርጓል።

እነዚህን ቁጥሮች በመቶኛ ስናሰላቸው አንድ ነገር ይገለጣል። በመጀመሪያው ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ በ333 በመቶ ገደማ ሲያድግ ከፍተኛው ያደገው በ5 በመቶ ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ዝቅተኛው በ26 በመቶ፣ የዲግሪ መነሻው በ66 በመቶ፣ ከፍተኛው በ81 በመቶ ገደማ አደገ። ከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው ጋር የነበረው ንጽጽር ከማስተካከያዎቹ በፊት 18.6 እጥፍ ነበር፤ ወደ 4.5 እጥፍ ወረደ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ መልሶ ወደ 6.5 እጥፍ ወጣ። የመጀመሪያው ውሳኔ የታችኛውን ሠራተኛ ከኑሮ ውድነት ለመታደግ፣ ሁለተኛው የተማረውንና ልምድ ያለውን ባለሙያ በሥራው ለማቆየት የታሰበ ይመስላል። ሁለቱም ዓላማዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርስ የሚሻሙት አንዱን በጀት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም፣ በምን ያህልና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀድም የወሰነው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ነርሷና መምህሩ ውሳኔውን የሰሙት ከዜና ነው።

የኅብረት ድርድር ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ድርድር የግድ ትልቅ ጭማሪ አያመጣም፤ በጀት ከሌለ ማንም ተደራዳሪ ከባዶ ካዝና አይጨልፍም። የሚያመጣው ምክንያት መስጠትን፣ አስቀድሞ መታወቅንና የጋራ ኃላፊነትን ነው። ጭማሪው አነስተኛ ቢሆን እንኳ ቁጥሮቹን ዐይቶ የፈረመ ማኅበር ውጤቱን ለአባላቱ ያስረዳል። ያልተጠየቀ ሰው ግን የተሰጠውንም እንደተነፈገ ሊቆጥረው ይችላል።

7. ከሌሎች አገሮች ልምድ

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ድርድር ከችግር ነፃ እንደማያወጣ ያሳያል፤ ችግሩን ግን ወደ ሕግ መድረክ ያመጣዋል። በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት አገልግሎት ሠራተኞች በአገር አቀፍ የድርድር ምክር ቤት በኩል ይደራደራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈረመውን የሦስት ዓመት ስምምነት የመጨረሻ ዓመት ጭማሪ መንግሥት ሳይከፍል ቀረ፤ ክርክሩ እስከ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2022 ስምምነቱ በጀቱ በሕጉ መሠረት ሳይረጋገጥ የተፈረመ በመሆኑ አይጸናም ተባለ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ ከፊርማ በፊት እንጂ ከፊርማ በኋላ አይጠየቅም።

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሐኪሞች ማኅበር ጋር የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ሳይፈጸም ቆይቶ ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 መቶ ቀን የፈጀ አድማ አስከተለ፤ የማኅበሩ መሪዎችም ለእስር ተዳረጉ። ከዚህ የምንማረው ሳይፈጸም የሚቀር ስምምነት ካለመፈረም የባሰ ቁጣ እንደሚያመጣ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1959 ለአካባቢ መስተዳድር ሠራተኞች የኅብረት ድርድርን በሕግ በመፍቀድ ከግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ግን የአብዛኞቹን የመንግሥት ሠራተኞች ድርድር በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ የወሰነ ሕግ አወጣች። በመደበኛ ሕግ የተሰጠ መብት በመደበኛ ሕግ ይነሣል። በኢትዮጵያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መብቱ በሕገ መንግሥት ተሰጥቶ የዘገየው መደበኛው ሕግ ነው።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን በተመለከተም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ከ11,000 በላይ ተቆጣጣሪዎች በአድማ ምክንያት ተሰናብተዋል። ባለሙያን ማሰናበት የአንድ ቀን ውሳኔ ነው፤ ተተኪውን ማሠልጠን ግን ዓመታት ይወስዳል።

8. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ አንድ መደምደሚያ ይመራል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ተቀጣሪ የመደራደር መብት የሚወሰነው በሚሠራው ሥራ አስፈላጊነት ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ በተቋቋመበት ሕግ ዓይነት ነው። በዚህም ምክንያት ሥርዓቱ ሥራው እጅግ ስሱ የሆነውን ያለ ምትክ ዋስትና ትቶ፣ ሥራው ያን ያህል ስሱ ያልሆነውን ደግሞ በጅምላ ከአድማ ከልክሏል። ለማረም የሚከተሉት አራት ነጥቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ በአንቀጽ 42(1)(ሐ) የታዘዘው የማካለል ሥራ ራሱን በቻለ ሕግ ይከናወን። መነሻው ሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ የመደራጀት መብት አለው የሚል ሆኖ፣ የሚገለሉት በኃላፊነት ደረጃቸውና በሥራቸው ጠባይ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ።

ሁለተኛ፣ ድርድሩ በሁለት እርከን ይዋቀር። የደመወዝ ስኬል በፌዴራል ደረጃ፣ የትራንስፖርት፣ የቤትና የተረኝነት ጉዳዮች ደግሞ በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ ይታዩ። ከአያት ተነሥታ ሁለት መጓጓዣ ለውጣ ቦሌ የምትደርስ መምህርት ችግር ከገጠር መምህር ችግር ጋር አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የድርድሩ ወቅት ከበጀት ዝግጅት ጋር ይገጣጠም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በግንቦት የሚነሣ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ካዝናው ከተከፋፈለ በኋላ ነው። የመንግሥት ተደራዳሪም የተፈቀደለትን ጣሪያ በጽሑፍ ይዞ ይቅረብ።

አራተኛ፣ አድማ ለተከለከለባቸው ሥራዎች ገለልተኛ የግልግል አካል በቋሚነት ይቋቋም፤ ውሳኔውም መንግሥትን ጭምር የሚያስገድድ ይሁን። "እጅግ አስፈላጊ" የሚለው ዝርዝር በሥራ መደብ እንጂ በዘርፍ አይሁን። በሆስፒታልም ቢሆን የድንገተኛ ሕክምናና የወሊድ አገልግሎት የማይቋረጥበት ዝቅተኛ የአገልግሎት መጠን አስቀድሞ በስምምነት ይወሰን።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ የአገሪቱ አቅም አይፈቅድም የሚል ነው። ተቃውሞው በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። ሆኖም አቅም የሚወስነው የስምምነቱን መጠን ነው እንጂ የድርድሩን መኖር አይደለም። የ1966፣ የ2010 እና የ2017 ክንውኖች የሚያሳዩት ጥያቄው ሥርዓት ቢኖርም ባይኖርም መምጣቱ እንደማይቀር ነው። የሕግ አውጪው ምርጫ ጥያቄው በማመልከቻና በቃለ ጉባኤ ይምጣ ወይስ በተዘጋ የሕክምና ክፍልና በእስር ቤት በኩል ይምጣ የሚለው ነው። ለወደፊት ተመራማሪዎች የ2017ቱ አዋጅ በአፈጻጸም ምን እንዳመጣ፣ እንዲሁም በመንግሥት የልማት ድርጅቶች የተፈረሙ የኅብረት ስምምነቶች ይዘት በንጽጽር እንዲጠና ይመከራል።